ርስት የተነፈጉ ወገኖች፦ የባለ እጆች መብትና የእኛ ኃላፊነት

(በቢቸናና በሞጣ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገር ሽማግሌዎች በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የነባር ሕዝቦች ሰብአዊ መብት» የሚል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ላይ መግለጫ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ የአዲሱን ሺህ ዓመት መባቻ ባከበርን ማግስት ነበር። 144 አገሮች ሲደግፉት አገራችን በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልተገኘችም። «ነባር» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ያከራክራል፤ ሁላችንም የዚህችው ምድር ልጆች ነን እንላለንና። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን ጉዳዩን ሲመረምር፣ ማን ቀድሞ ሰፈረ ከሚለው ይልቅ ማን ተገፋ፣ የማን አኗኗር ተናቀ የሚለውን አስቀድሟል። በዚህ መስፈሪያ ብንለካ ጥያቄው ሩቅ አገር አይወስደንም፤ ከደጃችን ያደርሰናል።

የዚህ አገር ሰው የመብትን ነገር ከመጽሐፍ አልተማረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ማለቁ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፤ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለበት። በመጨረሻ መንግሥት የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ ውዝፍ ግብሩን ማረ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት ለንጉሥ አልሰጥም ማለቱን ያነበበ ካህን፣ የዚያን ዘመን ገበሬ ልብ ለመረዳት አይቸገርም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ገበሬው ስለ ርስቱ ሲታገል፣ የማረሻውን ብረት የቀጠቀጠለት ሰው ርስት ነበረውን? በአብዛኛው አልነበረውም። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው በዚያው ምድር ተወልደው በዚያው ምድር ሲቀበሩ፣ አጥንት ተቆጥሮ ርስት ሲከፈል ግን አልተቆጠሩም። ከመሬት የራቁት ሰዎች ከማዕድም ራቁ። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ፤ ሕፃን በታመመ ቁጥር «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ ደጃቸው ሆነ። በጣና ዳር ያሉት የወይጦ ወገኖቻችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች ናቸው፤ የቀደመ ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ ንቀቱ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ይህን ለማረም ሕግ አልጎደለንም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በግሉ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ፣ ያለ ጾታ ልዩነት፣ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት ፈቅዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰውን በማኅበራዊ አመጣጡ መለየትን ይከለክላል። አዋጅ ግን የምክር ቤትን ደጃፍ እንጂ የልብን ደጃፍ አይከፍትም።

አባቶቼ፣ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። የአብነት ተማሪ ሳለሁ አኩፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ስዞር፣ የአንዲትን ሸክላ ሠሪ እናት ቤት ሁልጊዜ እዘልለው ነበር። አንድ ቀን እንጀራ ይዛ «ልጄ፣ የእኔን ቤት ምነው ዘለልከው?» ብላ ጠራችኝ። ሮጥኩ። ያን ዕለት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ንፍሮ የቀቀልንበት ድስት የእርሷ የእጅ ሥራ ነበር። ድስቷን ያልፈራሁ እኔ፣ እንጀራዋን ፈራሁ።

ሁለተኛው በደሌ ካደግሁ፣ መንፈሳዊ ትምህርትም ከተማርሁ በኋላ የሠራሁት ነው። ለአንድ የምርጥ ዘርና የበግ እርባታ ሥራ የተጠቃሚ መምረጫ መስፈርት ሳዘጋጅ፣ «የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው» የሚል አንድ መሥመር ጻፍኩ። ቀና መሥመር መስሎኝ ነበር። ዝርዝሩ ተጠናቅቆ ሲመጣ፣ በቀበሌው ካሉት ባለ እጆች አንድም ስም አልነበረበትም። ማንም አልሰደባቸውም፤ ማንም አላባረራቸውም፤ የእኔ ብዕር ብቻ በቂ ሆነ። በጎችን ለማርባት ደግሞ የእርሻ ማሳ ግድ አልነበረም። ዛሬ ግፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ በቅጽ ላይ ይሞላል።

እስቲ ቤተ መቅደሳችንን እንመልከት። ካህኑ የሚያጥንበት ጽና፣ የሚባርክበት መስቀል፣ የምንዘምርበት ጸናጽል ብረትና ናስ ከሚያቀልጥ ሰው እጅ የወጣ ነው። ከበሮው በቆዳ ተለብጧል። የለበስነውን ነጠላ ሸማኔ ሠርቶታል። እግዚአብሔር ለደብተራ ኦሪት ሥራ ባስልኤልን መርጦ ጥበብን ሞላበት፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ተቀመጠ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰበከ። ጴጥሮስ ያደረበትን ቤት እኛ በምን ሥልጣን እንጸየፋለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተጠቃሚ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት መሬት የሌለው ባለ እጅ ተካትቶ እንደሆነ እንጠይቅ፤ በውኃ ኮሚቴም ውስጥ ውኃ ቀጂ ብቻ ሳይሆን ቃል ሰጪ ይሁን። ሁለተኛ፣ የንስሐ አባቶች፣ ሕፃን ሲታመም ወላጆቹ ወደ ጸበልና ወደ ጤና ኬላ እንዲወስዱት እንጂ በጎረቤት ላይ ጣት እንዳይቀስሩ አስተምሩልን። «ቡዳ ነው» ማለት በሐሰት መመስከር መሆኑን ከእናንተ አፍ ሲሰማ ሕዝቡ ይቀበላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በየወሩ ጽዋ እንጠጣለን፤ ተራውም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የሸክላ ሠሪዋ ተራ ሲደርስ እንሂድላት፤ ከእንጀራዋም እንቁረስ። እኔ በልጅነቴ የዘለልኩትን ደጅ አሁን መመለስ አልችልም፤ ያቺ እናት አርፋለች። እናንተ ግን የምትመለሱበት ደጅ ገና ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።