«ሥራ» በሚል ርእስ ያነሣናቸው ፎቶግራፎች
(በፎቶግራፍ ክበቡ ምሽት ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ በዚህ መድረክ ላይ ያቆመኝ የፎቶግራፍ ዕውቀት አይደለም። ጓደኞቼ እኔን የመረጡኝ ከሁሉ ይልቅ የተወቀስሁ ስለሆንሁ ይመስለኛል። የተወቀሰ ሰው ደግሞ የሚናገረው አያጣም።

በጨዋታው ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በፊት «ሥራ» የሚል ርእስ ተሰጠንና እያንዳንዳችን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ እንድናቀርብ ተስማማን። አብዛኞቻችን በእጅ ስልካችን አነሣን፤ ካሜራ የተዋሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሽልማት የለም። ሕጉም አንድ ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፉ በግድግዳው ላይ ሲሰቀል አንሺው ዝም ይላል፥ ሌሎቻችን ያየነውን እንናገራለን፤ እርሱ የሚናገረው በመጨረሻ ነው።

የዚህን ሕግ ጥቅም በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ጓደኛችን ሽሮ ሜዳ ሄዶ የአንድ ሸማኔ እግሮችን ብቻ አንሥቶ መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን የሚረግጡ ሁለት እግሮች ናቸው፤ ፊት የለ፥ እጅ የለ፥ ጥለት የለ። ከመካከላችን አንዱ «ሸማ የሚሠራው በእጅ ነው፤ ዋናውን ነገር ትተኸዋል» አለ። አባቷ ሸማኔ የሆኑ አንዲት እኅታችን ግን ተነሥታ «ድሩን ከፍሎ መንገድ የሚሰጠው እግር ነው፤ እጅ መወርወሪያውን የሚሰድደው እግር በከፈተለት በር ነው» ብላ አስረዳችን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ስለብስ ይህን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው እናቷን በምጣድ ፊት ያነሣች ተማሪ ሥራ ነው። እንፋሎቱ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ደምቆ ይታያል፤ ዳሩ ግን የእናቲቱ ፊት ጠቁሯል። አንድ መምህራችን ምክንያቱን ገለጹልን። መሣሪያው የለካው የመስኮቱን ብርሃን ስለሆነ የቀረውን አጨለመው፤ በስልኩ ገጽ ላይ ፊቷን በጣት ነክቶ ብርሃኑን በፊቷ ልክ ማድረግ፥ ወይም መስኮቱን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ ማዞር ይበቃል አሉ። ልጅቱም በማግሥቱ እንደገና አንሥታ መጣች። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ጎን ለጎን ተሰቅለዋልና ተመልከቷቸው።

ከዚያ ቀጥሎ የኔ ተራ ደረሰ።

ያነሣሁት ከእንጦጦ ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ነው። የማታዋ ፀሐይ ከጀርባቸው ናት፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይሰፋል፤ ፊታቸውን ወደ ገደሉ በኩል ዘወር አድርገዋል። ሰዉ ሁሉ አደነቀ። አንዱ «ፊታቸውን ማዞራቸው የድካማቸውን ልክ ይናገራል» አለ። ሌላው «የሥዕሉ ነፍስ እዚያ ላይ ናት» አለ። በሕጉ መሠረት ዝም ብዬ አዳመጥሁ፤ እውነቱን ለመናገርም ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ «ስማቸው ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁ። «ፊታቸውንስ ለምን አዞሩ?» አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ፀሐይዋ እንድትመቸኝ ሁለት ጊዜ ቀድሜአቸው እየሮጥሁ ፊት ለፊታቸው ቆምሁ። በመጀመሪያው አዩኝና አቀረቀሩ። በሁለተኛው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ አነሣኋቸው። ሁላችን የድካም ምልክት ነው ብለን ያደነቅነው «አልፈልግም» የሚል መልስ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከከፍታ ላይ አንሥቶ ነበር። በጎዳናው ሰውና ሠረገላ ይመላለስበት ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ምስል ለመቅረጽ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ። የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰውና ጫማ ጠራጊው ብቻ ነው። በፎቶግራፍ ላይ ከታዩት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው ይባላል። በኛ አነጋገር አንድ ሊስትሮና ደንበኛው መሆናቸው ነው፤ የሁለቱንም ስም የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ሰው ለመነሣት ሲል ራሱ ፈቅዶ የሚቀመጥበት ዘመን መጣ። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። በፎቶግራፍ ቤት የሚነሣ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ፥ መታየት እንደሚፈልገው ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ስልካችን ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያነሣል። በዚህ ፍጥነት ብዙ አተረፍን፤ ያጣነው ፈቃድ የምንጠይቅባትን ጊዜ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አስቀድመህ ከጠየቅህ ሰው ጥርሱን እያሳየ ይቆምልሃል እንጂ አይሠራም» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የሸማኔውን እግሮች ያነሣው ጓደኛችን ሦስት ቀን ተመላልሷል። በመጀመሪያው ቀን ሸማኔው ሥራቸውን አቁመው ቀጥ ብለው ተቀመጡለት፤ በሦስተኛው ቀን መኖሩን ረስተውት ይሠሩ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ መስጠት ነው እንጂ መስረቅ አይደለም።

እኔም በሳምንቱ ወደ ቁልቁለቱ ተመለስሁ። በሁለተኛው ማታ አገኘኋቸውና ፎቶግራፉን አሳይቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥቂት ተመለከቱትና «ልጄ፥ እኔን ከምታነሣ ሸክሙን ብታነሣልኝ ይሻል ነበር» አሉኝ። አነሣሁት። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሦስት ጊዜ አረፍሁ። «ይሰቀል ወይስ ይውረድ፥ እማማ?» ብላቸው «አውርደው፤ ልጆቼ ይህን እንዲያዩ አልፈልግም» አሉ። ስማቸውንም ነገሩኝ፤ እዚህ ግን አልናገረውም።

ከመስኮቱ አጠገብ በግድግዳው ላይ ባዶ ቦታ ያያችሁት በዚህ ምክንያት ነው። የኔ ፎቶግራፍ ነበረ።

የሚቀጥለው ርእስ «ውሃ» ነው። ሕጋችን ላይ አንድ ብቻ እንድንጨምር አሳስባለሁ፤ ይኸውም ሰው ያነሣ ሁሉ ፎቶግራፉን ወደዚህ ከማምጣቱ በፊት ለተነሣው ሰው እንዲያሳይ ነው። መምህራን ሆይ፥ እናንተም ከኛ ጋር አንሡ፤ ስትወቀሱም እንደኛ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።