ስለ ተስፋና ስለ ዋስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል እንድንናገርበት የመረጥነው የእግዚአብሔር ተስፋ የታመነ ስለ መሆኑ ነው። ነገሩ ለዕድሜያችሁ ይከብዳል የሚለን ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣው ወዴት እንደምንሄድ ሳናውቅ ስለ ሆነ፥ የምንይዘው ነገር የጸና መሆኑን መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በቋንቋችን ተስፋ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ሰጪው የገባው ቃል ተስፋ ይባላል፤ የተቀባዩም መጠበቅ ተስፋ ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ ለአብርሃም ስለ ተሰጠው ተስፋ ሲናገር የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። እኛ ግን በየቀኑ ንግግራችን ሁለተኛውን ብቻ ይዘን፥ ያንንም አቅልለን፥ «ዝናቡ ይጥላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» ስንል ጥርጣሬያችንን መግለጣችን ነው። እንዲህ ያለው ምኞት ቢባል ይሻላል። የክርስቲያን ተስፋ የሚጸናው በጠባቂው ብርታት ሳይሆን ቃል በገባው ታማኝነት ነው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጋይንትም ሆነ በስማዳ ወይም በእስቴ ገበሬ እህል ሲበደር ዋስ ይጠራል። ዋሱም ከተበዳሪው የተሻለ ሰው መሆን አለበት፤ ከተበዳሪው የደኸየ ዋስ ማን ይቀበላል? ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 የሚናገረው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሰው ሲምል ከራሱ በሚበልጥ ይምላል፤ እግዚአብሔር ግን ለአብርሃም ተስፋ በሰጠ ጊዜ ከእርሱ የሚበልጥ ስለሌለ በራሱ ማለ። በእኛ አነጋገር፥ ቃል የገባው ራሱ ዋስ ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ዋስትና ዳኛም ሽማግሌም አይቀበለውም ነበር። ሐሰት የማይገኝበት አምላክ ሲሆን ግን ከዚህ የሚበልጥ ዋስ ከወዴት ይመጣል?

ያው መልእክት ይህን ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ይለዋል። መልሕቅ መርከብን በባሕር ላይ የሚያቆም ከባድ ብረት ነው። ብዙዎቻችን ባሕር አላየንም፤ ነፋስን ግን የከተማችን ስም እስኪሆን ድረስ እናውቀዋለን። እዚህ ለሠርግ ድንኳን የተከለ ሰው ሁሉ እንዳየው፥ ነፋስ ሲመጣ ሸራው ይርገበገባል፥ ገመዱም ይወጠራል፤ ድንኳኑን የሚያቆመው ግን መሬት ውስጥ ገብቶ የማይታየው ካስማ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ንፋስ መውጫ ገብቶ፥ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን ከተማችን በእጃችን አልነበረችም። ቀኖቹ የፍልሰታ ጾም ቀኖች ነበሩ፤ የደብረ ታቦርም በዓል በመካከሉ ዋለ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ። በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ላይ የተፈጸመው ግፍ በ2014 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ ለዓለም ተሰማ። ሰዉ እየጾመና እየጸለየ ሳለ ይህ ሁሉ ከደረሰ ተስፋው ወዴት ነበር የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄውን እንደ ክሕደት አንቈጥረውም፤ ዳዊትም በመዝሙሩ ደጋግሞ ጠይቆታል።

የምንመልሰው በፍርሃት ነው። እግዚአብሔር መከራ ከቶ አይደርስባችሁም ብሎ ቃል የገባበትን ስፍራ በመጽሐፍ አላገኘንም። ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ በዓለም መከራ እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ተስፋ የሰጣቸው ከእነርሱ ጋር ሊሆን፥ ሙታንን ሊያስነሣ፥ በመጨረሻም እንባን ሊያብስ ነው። ከዚህ በላይ ያለው እኛው የጨመርነው ነው፤ ጭማሪያችን ሲወድቅም እግዚአብሔር ቃሉን አጠፈ እንላለን።

በነቢዩ በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ሰው የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል እያለ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ ነበር። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ዘመኑ 70 ዓመት ነው፥ ቤት ሥሩ፥ አትክልትም ትከሉ ብሎ ጻፈላቸው። ዛሬም ችግሩ በዚህ ወር ያልቃል፥ ፈተናውንም ሁላችሁ ታልፋላችሁ እያሉ በእግዚአብሔር ስም ቀን የሚቈርጡ አሉ። (የፈተናውስ እውነት ቢሆን ደስ ባለን ነበር!) እንደ እኛ አሳብ፥ ተስፋን ከሚክዱት ይልቅ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው።

ይኸው ኤርምያስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች፥ እርሱም በግዞት ቤት ሳለ፥ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ አለው። ጠላት በሰፈረበት አገር መሬት የሚገዛ ማን ነው? መሬት በሚያውቅ በጋይንት ገበሬ ፊት ቢነገር ያስቅ ነበር። ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፤ ምስክሮችም አቆመ። የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱን የውል ወረቀት ለባሮክ ሰጥቶ፥ ብዙ ዘመን እንዲቈዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው አዘዘው። በዚያች ምድር ዳግመኛ ቤትና እርሻ እንደሚገዛ እግዚአብሔር ነግሮት ነበርና።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። በችጋር ዘመን፥ ልጅ እያለቀሰ፥ ለዘር የተቀመጠውን ገብስ ከጎታው ላለመንካት የታገለ ገበሬ ከኤርምያስ የራቀ አይደለም። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠው ተስፋም ምድር ሳለች ዘርና መከር እንዳይቋረጥ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ከእኛ ጋር ጀምረው ዛሬ ከእኛ ጋር ያልቆሙ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን፤ መጽሐፎቻቸውንና ደብተሮቻቸውን ለማንደጃ አታድርጉባቸው። በሣጥንም ሆነ በማድጋ፥ ዝናብና አይጥ በማያገኘው ስፍራ አኑሩላቸው።

ኤርምያስ ያን እርሻ ሲያርስ በመጽሐፍ አናገኘውም። ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ስለ መመለሱም የተጻፈ የለም። ነገር ግን በመጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2፥ ከምርኮ የተመለሱት በየከተማቸው ሲቈጠሩ፥ ከብዙው ስም መካከል የዓናቶት ሰዎች 128 ተብሎ ተጽፏል።