ከጉሮሮ ስለሚነሣ የልብ መስፋት



ጣራ ገዳምን ለመሳለም ዳገቱን ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ጥቂት ተራምዶ ትንፋሽ እያጠረው የሚቆም፣ ሌሊት ትራስ ካልደራረበ በቀር መተኛት የማይችል፣ እግሩም አብጦ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ወጣት ብታዩ፣ ድካሙን በጾሙ ከማመካኘታችሁ በፊት ልቡን እንዲመረመር ምከሩት። የጤናማ ሰው ልብ የገዛ ጭብጡን ያህል ሲሆን፣ በራጅ ሲታይ ወርዱ ከደረቱ ወርድ እኩሌታ ካለፈ ሐኪሞች «ልብህ ሰፍቷል» ይላሉ፤ ይህ ግን ምልክት እንጂ ራሱ ደዌው አይደለምና፣ ምን አሰፋው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአረጋውያን ዘንድ ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ዲስኩር ይሻል። በልጆቻችን ዘንድ ግን ነገሩ አዘውትሮ ከጉሮሮ ይነሣል። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ ቶንሲሉ ታሞ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነቱ ጠላቱን ለመውጋት ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ በገዛ አካሉ ላይ ይዘምታል፤ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሣና ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየተራ ያብጣሉ፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፣ በልብ በሮች ላይ ያረፈው ግን ጠባሳ ትቶ ይኖራል። የቦዩ መዝጊያ ካልገጠመ ውኃው ወደ ኋላ እንደሚመለስ የፎገራ የሩዝ ገበሬ ያውቃል፤ በሩ የማይገጥም ልብም የገፋውን ደም መልሶ እየተቀበለ፣ ያንኑ ዳግመኛ እየገፋ፣ ጡንቻው ተለጥጦ ይሰፋል። ይህም ለዓመታት ተሰውሮ ይቆይና፣ ሴት ልጅ ስትፀንስ ደሟ እስከ እኩሌታ ስለሚጨምር፣ ያን ጊዜ በድንገት ይገለጣል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን ደዌ አይከለክልም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና ቁስል ነው። የሚከለክለው የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ነው፤ በሩ ከተጎዳም በኋላ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የሚወጉት መርፌ ጉዳቱ እንዳይብስ ይጠብቃል። ሱባኤ የሚገባ ሕመምተኛም ቀጠሮውን አያሳልፍ፤ መርፌና ጠበል አይጣሉም።

በሩ ፈጽሞ ሲበላሽ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በ1981 ዓ.ም. የመሠረቱት ድርጅት ልጆቹን ባሕር ማዶ ሲልክ ኖሮ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉን ከፈተ። ሰው ሠራሽ የብረት በር የገባለት ሰው ግን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይውጣል፣ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል፤ ለፎገራ ገበሬ ይህ ማለት አዝመራ ሳይል ክረምት ሳይል ወደ ከተማ መመላለስ ነው።