የሕፃናት መምህራን ሲዝሉ



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሕፃናት ክፍል መምህራንን ተስፋ የሚያስቆርጠው የልጆች ቍጥር መመናመን ነው። ይሁንና በርካታ ወላጆች ተከራዮች ናቸው፤ ኪራይ ሲጨምር ሰፈር ይለቃሉ፣ ልጁም ይቀራል። ይህን እንደ መምህሩ ድካም ልንቈጥረው አይገባም፤ ወደ ሄደበት አጥቢያ መሸኛ ልንጽፍለት እንጂ።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኋላም ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች መኖራቸው ተነገረው፤ የሚያገለግለውና የሚተካው ኤልሳዕም ተሰጠው። እኛስ? ለዛለ መምህር አስቀድመን የግምገማ ስብሰባ እንጠራለታለን።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ከካህናትና ከምእመናን ጋር በሰበካ ጉባኤ አስቀምጧቸዋል። እንግዲህ የመምህሩ የታክሲ ሒሳብ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀምሰው፣ ኦሮምኛና አማርኛ አጣምሮ የሚያስተምር ረዳትም በዘንድሮው በጀት ይያዙለት።