ኤደ ስታልና የመንደሩ ቋንቋ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓላችን ላይ ስለ አንድ የሆላንድ ዘፋኝ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ሕይወት ከማኅበራችን ትልቅ ጭንቀት፣ ከልጆቻችን ቋንቋ ጋር ይገናኛል ብለን እናምናለን።

ግሮኒንገን የሚባለውን ክፍለ ሀገር ከመካከላችን ብዙዎች መጀመሪያ ያወቅነው በቴር አፔል የስደተኞች መቀበያ ነው። ከመጽሐፍ የተማርነውን ደች ይዘን ስንወጣ፣ የአካባቢው ሰው ጧትም ማታም «ሞይ» እያለ ሰላምታ ሲሰጠን ግራ ይገባን ነበር። ለካስ ያ ሕዝብ የራሱ አነጋገር አለው። ግሮኒንግስ የሚባለው ይህ አነጋገር «የታችኛው ሳክሶን» ከሚባለው ቋንቋ የሚመደብ ሲሆን፣ ዘመዶቹ በድሬንተ፣ በትዌንተና በአኽተርሁክ፣ ከድንበር ማዶም በሰሜን ጀርመን ይነገራሉ።

ኤደ ስታል እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1941 በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ ለባሕሩ ቅርብ በሆነችው በዋርፉም መንደር ተወለደ። ሥራው የእንግሊዝኛ መምህርነት ነበር። በእንግሊዝኛም፣ በደችም፣ በጀርመንኛም ዘፍኗል። ስሙን ያስጠሩት ግን ግጥማቸውንም ዜማቸውንም ራሱ ደርሶ በግሮኒንግስ የዘፈናቸው ናቸው። ራዲዮ ኖርድ የተባለው የክፍለ ሀገሩ ጣቢያ ወደየቤቱ አደረሰለት። በ1984 «ሚን ቱንትየ»፣ በእኛ አባባል «ትንሿ የአትክልት ቦታዬ» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። ጁላይ 22 ቀን 1986፣ 45 ዓመት ሊሞላው 11 ቀን ሲቀረው፣ በዴልፍዜይል ከተማ ዐረፈ። ሌሎች ዘፈኖቹ ከሞተ በኋላ ታትመው ወጥተዋል።

የዘፈነው ስለ ምን ነበር? ስለ ጓሮው፣ ስለ ሰፊው ሰማይ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ጨለማ ጊዜ ነው። እንደ ኦይትሆይዘንና ስፔይክ ያሉ ትናንሽ ቦታዎችን በስማቸው እያነሣ ዘፈነላቸው።

በዚያ ዘመን ይህ አነጋገር የገበሬ ነው እየተባለ ይናቅ እንደነበር መዘንጋት የለብንም። ብዙ ወላጆች «ልጆቻችን በትምህርት ወደ ኋላ ይቀሩብናል» ብለው ስለሰጉ በቤታቸው ደች ብቻ መናገር ጀምረው ነበር። እንግሊዝኛን ያህል የዓለም ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ለልቡ ጉዳይ የመንደሩን ቋንቋ ሲመርጥ፣ የተናቀው ቀና አለ። የታችኛው ሳክሶን በአውሮፓ የአካባቢና የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር አማካይነት በሆላንድ እውቅና ያገኘው በ1998፣ ስታል በሞተ በ12 ዓመቱ ነው። ዘፈኑ ሕጉን ቀድሞታል። በድሬንተም የ1971 ተወላጁ ዳንኤል ሎሁስ፣ ስኪክ ከተባለው ባንድ ጋር በ1997 «ኦፕ ፊትሰ» የተሰኘውን የብስክሌት ዘፈን በአካባቢው አነጋገር ተጫውቶ በመላ አገሪቱ ተደምጧል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የእነዚያ ወላጆች ስጋት የእኛም ስጋት ነው። ልጆቻችን በትምህርት እንዲቀናቸው ብለን በተሰባበረ ደች እናናግራቸዋለን፤ አያት ከአገር ቤት ስትደውል ደግሞ በመካከል ገብተን እናስተረጉማለን። አያትና የልጅ ልጅ በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ከማየት የበለጠ ምን የሚያሳዝን ነገር አለ?

በእኛና በስታል መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የእርሱ ቋንቋ በዙሪያው አገር ነበረው፤ ሰማዩም፣ መንደሩም፣ ጎረቤቱም ያስታውሱታል። ለልጆቻችን አማርኛ በዚህ አገር ሜዳም ተራራም የለውም። ያለው አገር ቤታችን ብቻ ነው። መንግሥትም ለስደተኛ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጥ ለነበረው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ድጎማውን በ2004 አቁሟል። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእኛ ትከሻ ላይ ወድቋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን የምንሰጣቸው የበዓል አማርኛ ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» አስብለን፣ አጨብጭበን እንሸኛቸዋለን። ቋንቋ ግን በበዓል ልብስ ብቻ አይኖርም። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ጫማ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲያኮርፍና ሲታረቅ በአማርኛ እናናግራቸው። ቃል ሲሳሳቱ አንሳቅባቸው፤ የሣቅንበት ልጅ ሁለተኛ አይሞክርም። ከመካከላቸው ጊታር ወይም ክራር የሚነካ ካለ፣ የአያቶቹን ዘፈን ብቻ እንዲደግም ሳይሆን፣ ስለሚኖርበት ሰፈር፣ ስለ ብስክሌቱና ስለ ዝናቡ የራሱን ግጥም በአማርኛ እንዲሞክር እናደፋፍረው። ደቹንም አይጣል፤ ስታል እንግሊዝኛውን አልጣለም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና፣ የሚቀጥለውን 10ኛ ዓመት ስናከብር ይህን መድረክ ልጆቻችን ይዘውት በራሳቸው አማርኛ እንዲያናግሩን ምኞታችን ነው።