የሰው ልጆች አባት፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሺሺንዳና በቦንጋ፣ በያላችሁበትም ሁሉ የምትሰሙን ምእመናን ሆይ፤ ነሐሴ 13 ቀን ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት፣ ልጆችም ጅራፍ የሚያጮኹበት በዓል ነው። በ1979 ዓ.ም. በዚህችው ዕለት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከዚህ ዓለም ተለዩ። የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ በጅማ ነው። ጅማም ኋላ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናትና፣ የምናስባቸው ሰው ለእናንተ ባዕድ አይደሉም።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ኳስን መረጡ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ተጫወቱ፤ ከዚያም የወጣቶች መሪና አሠልጣኝ ሆኑ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በዕለተ ሰንበት፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተገናኙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜም ልጆቻችን አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ረቱ። ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። እኔ የማስባችሁ ሌላውን ነው። የዚያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያን ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ተሰልፎ ነበር። የጠላትን ወረራ በወጣትነታቸው ያዩት አሠልጣኝ የጣሊያኑን ልጅ ከፊት አሰለፉት! አባት ማለት እንዲህ ነው፤ የማን ዘር ነህ ሳይል ልጄ ይላል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረትም፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁሩን ቀላቅላ አላሰልፍም ብትል፣ አይሆንም ካሉት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንኑ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ከዚህ ቃል አልተመለሱም።

አንዳንድ አባቶች «ኳስ ልጄን አበላሸብኝ» ይላሉ። ከብቱን በትኖ፣ ትምህርቱን ትቶ የሚሮጥ ልጅ መገሠጽ ይገባዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ የቆሮንቶስን ሰዎች ሲያስተምር የሯጮችን ትጋት ምሳሌ አድርጎ አልነበረምን? ደግሞስ አንተ አባት፣ ልጅህ ሲጫወት ቆመህ ያየኸው መቼ ነው? ዝናብ በማያባራበት በዚህ አገር፣ ከጭቃው ሜዳ ዳር በጃንጥላ ቆሞ የሌላውን ሰው ልጅ በስሙ የሚጠራ አሠልጣኝ አለ። አባት የሞተበት ሕፃን ያንን ድምፅ የሚሰማው እንዴት ባለ ጆሮ እንደ ሆነ፣ ያለ አባት ያደግን እናውቀዋለን።

የአገር አገልጋይ የሆነ ሰው ለቤቱ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም ከአቶ ይድነቃቸው ልጆች አንዱ የአባቱን ታሪክ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያች ጥቂት ጊዜ ፍቅር ባያገኝ ኖሮ ለዚህ ሁሉ ድካም ባልተነሣም ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮ ቡሄ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከደጃችሁ ሲቆሙ፣ ሙልሙሉን ሰጥታችሁ ስማቸውን ጠይቋቸው። የአቶ ይድነቃቸውንና በየሜዳው የደከሙትን አሠልጣኞች ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።