ፈርጡ መጨረሻ ይገባል

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከቁጠባችን ላይ የብር ጌጥ መሥሪያ ዕቃ ይገዛ ወይስ ገንዘቡ ለፍየል እርባታ ይዋል የሚለው ጥያቄ ካለፈው ስብሰባ የተላለፈ ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሥራው ምን እንደሚመስል እንድናገር ታዝዤ ነው የቆምኩት። አሳምሬ አልነግራችሁም፤ ገንዘቡ የሁላችንም ነውና።

«ወርቅ ላይ ተቀምጠን ብር ምን ያደርግልናል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ አገር ወርቅ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከ200 ዓመት በፊት የግብፁ መሐመድ ዓሊ ጦሩን እስከ ፋዞግሊ ከላከባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነበር። ዛሬም በኩርሙክ፣ በሸርቆሌ፣ በመንጌ ሴቶች ውሃ ውስጥ ቆመው በገበቴ ያጥባሉ። ግን ወርቁ ከእጃችን የሚወጣው ገና አሸዋ መስሎ፣ በግራም ተመዝኖ ነው። ቀለበትና ጉትቻ ሲሆን የሚጨመርለት ዋጋ የሌላ ሰው ነው። ታዲያ በወርቅ ለምን አንጀምርም ካላችሁ፣ የወርቅ ንግድ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ደግሞም ተማሪ ማበላሸቱ አይቀርም፣ ወርቅ ላይ ሲበላሽ ደግሞ ቁጠባችንን ይዞ ይሄዳል። የእሳቱ ነገር እምብዛም አይራራቅም፦ ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ወርቅ በ1064። በብር የተገራ እጅ ነገ ወርቅ ቢሰጡት አይደናገርም።

የወንዶቹንም ነገር አስቡት። ሙስሊም ወንድ ወርቅ አያደርግም፤ ባለ ፈርጥ የብር ቀለበት ግን ያደርጋል። አሶሳ ገበያ የሽማግሌዎቹን ጣት ተመልከቱ። እኛ ሁልጊዜ ለሴት ጌጥ እናስባለን፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሚገዛን ወንድ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ብር ስል የኪሱን አይደለም፣ ማዕድኑን ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ቀለበት ቢሆን ይጣመማል፤ ስለዚህ ከ100 እጁ 92.5 ብር፣ 7.5 መዳብ አድርገው ይቀላቅሉታል። እናቶቻችን የሚያውቁት ማርትሬዛ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ100 እጁ 83 ያህሉ ብር ነው። መቼም ይመታ መቼ ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ በዓመቱ አትታለሉ። ቤት ያለ አሮጌ ድሪ ወይም አምባር አቅልጠን እንሥራ የምትሉኝን ግን አልስማማም። የአያት ጌጥ እንዳለ ያለው ዋጋ ቀልጦ ከሚያወጣው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ገበያ ላይ «የጀርመን ብር» የሚባልም አለ፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም። እሱን ብር ነው ብሎ የሸጠ ማኅበር ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም።

የፈርጥ ሥራ ቤት መሥራት ማለት ነው፤ ድንጋዩ ነዋሪው ነው። ስለዚህ ድንጋዩን መጀመሪያ እንለካለን። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ከላዩ ጉብ ያለ ድንጋይ ለጀማሪ ይመቻል። ወረቀት መሰል ስስ የብር ጥብጣብ ዙሪያውን ይጠመጠምለታል፤ ጫፍና ጫፉ በሞረድ ተስተካክሎ በመካከሉ ብርሃን እስከማያሳልፍ ይገጣጠማል። በየዳ ክፍተት አይሞላም፣ የተነካካውን ብቻ ነው የሚያያይዘው። ቦራክስ ተቀብቶ ይበየዳል፣ ከዚያ ከወለሉ ጋር፣ ከዚያ ከቀለበቱ ጋር። እሳቱ በሙሉ ዕቃው ላይ ይዙር እንጂ መበየጃው ላይ ብቻ አይተኮስ፤ መበየጃው ወደ ሞቀው ቦታ ነው የሚፈሰው። የብሩን መቅላት ዓይን እንዲያየው ጥላ ያለበት ቦታ ይሻላል፤ በዚህች በኛ ፀሐይ ደጅ ላይ የሚበይድ ሰው ዕቃው ሲቀልጥበት ነው የሚያውቀው።

እሳቱ፣ እጥበቱ፣ ሞረዱ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚገባው። ከገባ በኋላ እሳት አይነካውም። ልኩን ስትሞክሩ ከድንጋዩ ሥር ክር አሳልፉ፤ ተቀርቅሮ እንቢ ሲላችሁ በክሩ ታወጡታላችሁ። በራሱ ክብደት ካልገባ ቤቱ ጠቧል ማለት ነው፤ ገፍቶ ማስገባት የለም። የግድግዳው ቁመት ድንጋዩ ወደ ውስጥ መታጠፍ የሚጀምርበትን ቦታ ጥቂት ይለፍ፤ ከዚያ ከበዛ ፈርጡን ይውጠዋል። በመጨረሻ ጠርዙን በለስላሳ ብረት ከምሥራቅ ከተጫናችሁ ቀጥሎ ከምዕራብ፣ ከሰሜን ከሆነ ከደቡብ። ዙሪያውን ተከታትላችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ትርፉ ብር አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይጨማደዳል።

ስለ ድንጋዩ ምርጫ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ ተሰምቷል። ሲያዩት እሳትና ቀስተ ደመና አብረው ውስጡ ያሉ ይመስላል። ነገር ግን ብዙው ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። እንግዲህ የኛን ሰው አስቡት፦ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ጣት ላይ ይህን ድንጋይ ልናደርግ ነው? ውሃው ብቻ ቢሆን ደግሞ መልካም፤ ዘይትና ቀለም ያለው ነገርም ይመጠዋል። ዲልካ የምትቀባ፣ ሂና የምታደርግ፣ ዱኻን የምትቀመጥ ሙሽራ ነጩን ፈርጧን አጥቁራ ልታመጣልን ትችላለች። ቀልድ አይደለም፤ ይህንኑ ኦፓል ጥቁር ለማስመሰል ሆን ብለው በጭስ የሚያጠቁሩት ነጋዴዎች አሉ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ኦፓሉን ለጉትቻና ለአንገት፣ ዓቂቁን ለቀለበት ነው። ዓቂቅ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይፈራም፣ የሱዳንና የየመን ሰው በስሙ ጠርቶ ይገዛዋል። ኦፓሉን ለምትገዛ ሴት ከመታጠቧና ዱኻን ከመቀመጧ በፊት እንድታወልቀው ሳንነግራት አንሸጥ።

የሚገዛው አንድ የጋራ ዕቃ ነው፦ ትንሽ የጋዝ መበየጃ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረዶች፣ ግራም የምትለካ ሚዛን፣ የዓይን መከላከያ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች አንጥረኛ ዘንድ ሄደው ይማሩ፤ ዕቃው የሚገዛው እነሱ ተምረው ሲመለሱ ነው። ብሩ ሲገባም ሲወጣም ይመዘን፤ የሞረድ ብናኝ እንኳ ጭን ላይ በተነጠፈ ቆዳ ይጠራቀም፣ ተመልሶ ይቀልጣልና። ዋጋ ስንተምን የብሩንና የድንጋዩን ብቻ ደምረን ቀናችንን በነጻ እንዳንሰጥ። ቅርጫት ስንሸጥ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የሣሩን ዋጋ አስልተን የአራት ቀን ድካማችንን አንቆጥረውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ አትጠብቁ። ፍየሉ ቶሎ ይወልዳል፣ ይህን አልደብቃችሁም።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከዚያ ሰብሳቢያችን ድምፁን ታስቆጥር።